ቆላ የወረደው ጥርስ

ስለ ኦይታ መናገር ከተፈለገ ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ያለችውን የራዲዮ መጠገኛውን ከእኔ ዓሣ ቤት የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። እሱ ሲሳደብ እሰማለሁ፣ እኔ ስሳደብ ይሰማል። የእኔ ፍሪጅ ሲነሳ የእሱ ራዲዮ ይንጫረራል፤ ያን ጊዜ ግድግዳውን በቡጢ ይመታና «ወርቂቱ፣ ይቺን ጉድሽን አጥፊልኝ!» ይላል። «ዓሣው ሲሸት አንተ ትበላዋለህ?» እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ስንት ዓመት ኖርን።

ኦይታ እንደ እኔ ከጨንቻ የወረደ የሸማኔ ልጅ ነው። የአባቱን ሸማ ትቶ ገና በወጣትነቱ ራዲዮ መፍታት ጀመረ። በሙያው የሚኮራበት ደግሞ አንድ ነገር ነበረው፤ ድሮ አንድ የመንገድ ፕሮጀክት ሲዘጋ በሐራጅ ያገኘው ግራጫ ማሽን። ስሙ ሲግናል ጀነሬተር ነው፤ ኦይታ ግን «ዳኛው» ይለዋል። ራዲዮ ሲያረጅ መርፌው መዋሸት ይጀምራል፤ አዲስ አበባን ፈልገህ ስታዞር ሱዳን ይመጣልሃል። ዳኛው ግን አይዋሽም። ፊቱ ላይ ያለውን ትልቅ ማዞሪያ የፈለግከው ቁጥር ላይ ስታቆመው ልክ ያንኑ ድምፅ ይለቃል፣ ኦይታም በዚያ እየመዘነ ራዲዮውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ከዶርዜም ከጨንቻም ሰው ራዲዮውን በነጠላ ጠቅልሎ የሚመጣው ለዚህ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ከግድግዳው ወዲያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኦይታ ሳይሳደብ ሲቀር ደነገጥኩና ሄድኩ። ዳኛውን ከፍቶ ዙሪያዋን ጥርስ ያላት አንዲት ክብ ፕላስቲክ መዳፉ ላይ ይዞ ተቀምጧል። ጠጋኞች «ጥርስ» ነው የሚሏት። ማዞሪያውን ከውስጡ ጋር አያይዛ የምታዞረው እሷ ነች፤ በእርጅና ቢጫ ሆና እንደ ደረቀ ቂጣ ለሁለት ተሰንጥቃለች።

«ሌላ ግዛ» አልኩት።

«ከየት? ይሄን የሠሩት ሰዎች እንኳ ሞተዋል።»

ሚስቱ ዘሪቱ ይህን ስትሰማ አላዘነችም። ክፉ ሆና አይደለም። ሰው ሁሉ ሞባይል እየያዘ ነው፣ ራዲዮ የሚያሠራው እየቀነሰ ነው፣ እሷም ያቺን ጠረጴዛ ለቻርጀርና ለሞባይል ሽፋን ከፈለገቻት ቆይታለች። «እስከ መስቀል» አለችው። «ለመስቀል ማሽንህ ከተናገረ ጠረጴዛው ያንተ ነው፣ አንድ ቃል አይወጣኝም። ካልተናገረ ግን ጠርገህ ታስረክበኛለህ።» ኦይታም እሺ አለ፤ ዳኛው ከሌለ ያ ጠረጴዛ ለምኑም እንደማይሆን እሱም ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን መከራ አልነግራችሁም ብል ይሻለኝ ነበር። በሱፐር ግሉ ለጠፋት፤ ሁለቴ ዞራ ተላቀቀች። ከጄሪካን ቆርጦ ሌላ ቀረጸ፤ ጥርሱ ለሰለሰና እርስ በርሱ ተንሸራተተ። ከአሮጌ ቴፕ አውጥቶ ሞከረ፤ የዚያኛው ጥርስ ደቃቅ ነው፣ አልገጥም አለ። እኔ ዓሣ እየጠበስኩ እሱ ወዲያ በሞረድ ሲፍቅ፣ ሲፍቅ፣ ሲፍቅ፣ እዚህ ድረስ ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

በመጨረሻ ጋሽ ማቴዎስ ትዝ አሉት። ጋሽ ማቴዎስ ጨንቻ ላይ ለሸማኔ መወርወሪያ የሚቀርጹ፣ ከቀንድም ማንኪያ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸው የተመሰገነ ነው፤ አፋቸው ግን በርበሬ። ኦይታ ዳኛውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በመኪና ጨንቻ ድረስ ወጣ። ሽማግሌው የተሰነጠቀችውን ጥርስ አገላብጠው አዩ፣ የበሬ ቀንድ ቀቅለው አለሰለሱ፣ በድንጋይ ተጭነው ዘረጉ፣ ከዚያ ጥርስ በጥርስ ቀረጹ። ብዙ ሳምንት ፈጀ። ኦይታ እዚያው ደጃፋቸው ላይ ዳኛው ውስጥ ገጥሞ አዞራት። ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ ዞረች። ሲመለስ ግድግዳዬን በቡጢ ሳይሆን በጣቱ አንኳኳ። «ወርቂቱ፣ ነይና እዪ» አለኝ። አየሁ። እውነትም ታምራለች። ለዚያች ቀን ፍሪጄን አጠፋሁለት።

ግን ጨንቻ ጉም ነው፣ አርባ ምንጭ እሳት ነው። ቀንዱ እዚያ እርጥብ ሳለ ተቀርጾ እዚህ ሙቀት ላይ ደረቀ። ሳምንት ሳይሞላ ጥርሷ ጠርዟ እንደ ደረቀ እንጀራ ወደ ላይ ተቆለመመ። ማዞሪያው ግማሽ ዞሮ ቀጥ አለ።

ይሄ መፍትሔ የሌለው ነገር አልነበረም። አንጀቴን የሚያሳርረኝም እሱ ነው! ጋሽ ማቴዎስ ጥቂት ቀን እዚህ ወርደው፣ ቀንዱን እዚሁ ፀሐይ ላይ አድርቀው ቢቀርጹት አለቀ። እኔ ዓሣ ጠባሿ እንኳ ገብቶኛል። ኦይታም ገብቶታል። ግን በንዴት እንደጋለ፣ መኪና ተሳፍሮ ጨንቻ ወጣ፤ በገበያ ቀን፣ ደንበኛ ሁሉ ተሰብስቦ እያለ ጥርሷን ሽማግሌው ፊት ወረወራት።

«ይሄ ጥርስ አይደለም፤ የጅብ ድድ ነው!» አለ።

ጋሽ ማቴዎስ ጥርሷን ከመሬት አንስተው በጋቢያቸው ጠረጓት። «እዚህ ስትዞር በዓይንህ አይተሃል። ቆላህን ክሰስ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ላይነጋገሩ ተማማሉ።

ዘሪቱ ቻርጀር የምትሰቅልበትን ሚስማር ገዝታ አስቀመጠች።

የጋሞ ሰው ደግሞ ተጣልቶ መስቀልን አይቀበልም። በዓሉ ሲቃረብ ሽማግሌ ይገባል፣ የተኳረፈ ሁሉ ይታረቃል፣ ቂም ይዞ ማዕድ መቅረብ ነውር ነው። የኦይታንና የጋሽ ማቴዎስንም ነገር ሽማግሌዎቹ የዕርቅ ምልክቱን ለምለም ሣር ይዘው ሸመገሉት። እኔ ደስ አለኝ፤ ታርቀው ጋሽ ማቴዎስ ይወርዳሉ፣ ጥርሷ በጊዜው ትደርሳለች ብዬ። ኦይታም እንደዚያው ተስፋ አድርጎ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ጋሽ ማቴዎስም ማሩት። ሽማግሌዎቹ መረቁና ማሰሪያውን ተናገሩ፦ ነገሩ ተቀብሯል፣ ከዛሬ ጀምሮ ያቺን ጥርስ በአፉ የሚጠራ ዕርቁን አፍርሷል።

ኦይታ ይህን ሲነግረኝ ጭልፋዬን ዘይቱ ውስጥ ጣልኩት።

«ታዲያ እንዴት ብለህ ሌላ ሥሩልኝ ትላቸዋለህ?»

«አልልም።»

«ሳይባሉ ይመጣሉ?»

«ምናልባት ራሳቸው ያስቡት ይሆናል» አለ።

ጠበቀ። መንገድ መንገዱን እያየ ጠበቀ። ከጨንቻ መኪና በወረደ ቁጥር በሩ ላይ ይቆማል። ሽማግሌው አልመጡም። እኔ ልሂድና ልናገር ብዬ ነጠላዬን ስለብስ ኦይታ ክንዴን ያዘኝ። «አንቺ ከተናገርሽ እኔ የላክሁሽ ነው የሚሉት። ተይኝ» አለ። ደሜ ፈላ፤ ግን ተውኩት።

ለመስቀል እኔም ቤተሰቤ ዘንድ ጨንቻ ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ማቴዎስ ቤት ተሰብስበን በቅቤ የራሰ ቆጮ በሥጋ እየበላን ነው። ኦይታና ሽማግሌው ከአንድ የእንሰት ቅጠል ይጎራረሳሉ። ሁሉም ደስ ብሎታል፣ «ዮ ማስቃላ!» እያለ በጋሞኛ እንኳን አደረሰህ ይባባላል። በዚህ መካከል ጋሽ ማቴዎስ ተነሡና ከጓዳ ራዲዮናቸውን ይዘው መጡ።

«ኦይታ ልጄ፣ ይቺ ዜና አልይዝ ብላኛለች። አንተው ነበርክ የምታስተካክላት፣ እስቲ እያት።»

ኦይታ ራዲዮዋን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አዞራት። ተንጫረረች። ጆሮውን አስጠጋ፣ ደግሞ አዞራት። ያለ ዳኛው የምትስተካከል እንዳልሆነች ከፊቱ አነበብኩ። አፌን ከፈትኩ፤ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝና ዘጋሁት።

«አልቻልኩም፣ ጋሼ» አለ።

«እንዴት? ምን ጎደለህ?»

ቤቱ ሁሉ መልሱን ይጠብቃል። የጎደለችው ሽማግሌው ራሳቸው የቀረጿት፣ ራሳቸው ከመሬት ያነሷት ጥርስ እንደሆነች የሚያውቅ ሁሉ ቆጮውን ያያል። ጋሽ ማቴዎስ ግን የምራቸውን ነው የሚጠይቁት፤ የተቀበረ ነገር ለእሳቸው በእውነት ተቀብሯል።

«እጄ ደክሟል» አለ ኦይታ።

ሽማግሌው አዝነው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ። ሞባይል የስንቱን እጅ አበላሸ። ድሮ ጎበዝ ነበርክ እኮ!» አሉና አንድ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱት። ኦይታ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ፣ አላምጦ ዋጠ።

ከበዓሉ ስንመለስ ጠረጴዛውን ራሱ ጠርጎ ለዘሪቱ አስረከባት። ዳኛውን በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ከተተው። እሱ ይቅር ብሏል፣ ሽማግሌውም ይቅር ብለዋል፣ ዘሪቱም ሚስማሯን መታች። እኔን ግን ያስታረቀኝ የለም።