የጎማዬ ዱካ

ዛሬ ረፋድ ከኮኪት ከተማ መውጫ ላይ የጣሊያኑ ሹም ካሚዮኔን አስቁሞ የጎማዬን ጥርስ በጣቱ ዳበሰ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ አፈሩ ላይ የቀረውን የጎማ ጫማ ዱካ አየ። ጥርሱ ከኔ ጎማ ጥርስ ጋር አንድ ነው።

ማለዳ እዚያው አርበኞች ተኩሰው ሄደዋል። በመተማ መንገድ ደግሞ እንዲህ ያለ ጎማ ያለው የኔ ካሚዮን ብቻ ነው።

በቀደም የካሚዮኔ ወንበር ተቀዶ ሽቦው ቢወጋኝ፣ አንድ ኮርቻ ሰፊ ሽማግሌ በበሬ ቆዳ ለበጡልኝና በዋጋው ፈንታ የፈነዳ ጎማዬን ጫማ ሊሠሩበት ወሰዱ። (ወንበሩስ ሸጋ ሆኗል፤ እኔ ነኝ ተረጋግቼ መቀመጥ ያቃተኝ።)

«አሮጌ ጎማህን ለማን ሰጠህ?» አለኝ ሹሙ በአስተርጓሚ።

«ጅብ በላው» አልሁት።

አልሳቀም። «ነገ ጅቡን ታሳየናለህ» ብሎ ለቀቀኝ።

እናንተስ ባለካሚዮኖች፣ አሮጌ ጎማችሁን ለማን ሰጣችሁ? ግዴለም፣ እዚህ አትጻፉት።