በአንድ ስም አምስት አንባቢ

ሠርከአዲስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቤተ መጻሕፍቱን በር ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ መብራት አታበራም። በመደርደሪያዎቹ መካከል እየተራመደች የመጻሕፍቱን ጀርባ በመዳፏ ትዳስሳለች፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። የረጠበ ካገኘች አውጥታ ደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ገልጣ ታሰጣዋለች። ፀሐይ ከሌለ በየገጹ መካከል አሮጌ ጋዜጣ ታስገባበታለች። በበጋ ይህ ሥራ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ዝናብ በሚበዛበት ወር ግማሽ ሰዓት ያልፈዋል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አድርጋለች።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ሠላሳ ስድስት መቀመጫ፣ አራት ሺህ የሚጠጋ መጽሐፍ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ጣሪያ አለው። ጎባ ብርዳም ናት፤ እዚህ የረጠበ ወረቀት ቶሎ አይደርቅም።

ሠርከአዲስ ወደ ሥራ ዓለም የገባችው በታይፒስትነት ነው። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ማብቂያ ላይ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። መሥሪያ ቤቶቹ አንድ በአንድ ወደ አጎራባቿ ከተማ ወደ ሮቤ ሲወርዱ ባልደረቦቿ ተከትለው ወረዱ። እሷ እናቷን ታስታምም ስለነበር ቀረች፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስትዛወር ቆይታም ቤተ መጻሕፍቱ ላይ «ለጊዜው» ተመደበች። የምደባው ደብዳቤ አሁንም በመሳቢያዋ ውስጥ ነው። ከታይፒስትነት የቀራት አንድ ልማድ አለ፤ የደረሳትን ወረቀት ሁሉ እስከ መጨረሻው መስመር ታነባለች።

ባለፈው ኅዳር ከበላይ ጽሕፈት ቤቱ የደረሳት ወረቀት አጭር ነበር። ጣሪያው እስከ ሰኔ 30 ካልታደሰ ክፍሉ የዕቃ መጋዘን ይሆናል፤ መጻሕፍቱ ታሽገው ሮቤ ይቀመጣሉ፤ ለእድሳት የተያዘ በጀት የለም። የሚያፈስ ጣሪያ ለወረቀት እንጂ መጋዘን ለሚገባ የብረት ወንበር ችግር አይደለም፤ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ይህን አስቦበታል።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ገዛኸኝ ከእሷ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረ ሰው ነው። ኃላፊ ከሆነ ወዲህ እሷ አንቱ ትለዋለች፤ እሱ ግን «ሠርኬ» ማለቱን አልተወም። ልታነጋግረው ስትሄድ፣ «በቃ ረጂ ፈልጊ» አላት። ይህን ያለው ነገሩን ለመዝጋት ነበር። እሷ እንደ ትእዛዝ ተቀበለችው።

ዘጠኝ ቦታ ጻፈች። አራቱ መልስ አልሰጡም። አንዱ በእንግሊዝኛ ካልሆነ አንቀበልም አለ፤ የእንግሊዝኛ መምህር ለምና አስተርጉማ ስትልክ የዓመቱ ገንዘብ አልቋል የሚል መልስ መጣ። ሌላው ስለ ጣሪያው ሳይጠይቅ የድርጅቱ ስም የሚለጠፍበትን ሰሌዳ ስፋት ጠየቀ። ሁለቱ ደግሞ ለመንግሥት ቤት እርዳታ አንሰጥም፤ የሕዝብ ማኅበር ካላችሁ ኑ አሉ። ማኅበር አልነበረም። ሠርከአዲስ አቋቋመች።

ለማኅበሩ ሊቀመንበርነት የመረጠችው ሙህዲንን ነው። ሙህዲን በአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል፤ ሦስቱም ልጆቹ ለፈተና ያጠኑት በዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ጥያቄዋን በደስታ ተቀበለ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ወደ ሱቁ ሄዳ ያላሰበውን ነገረችው።

«ሊቀመንበር ስለሆንክ ቆርቆሮው ካንተ አይገዛም።»

«አዴ ሠርኬ» አላት እንደ እናት እያከበረ፤ «ጎባ ውስጥ ከኔ የተሻለ ቆርቆሮ ማን አለው?»

«ማንም የለውም። ካንተ ግን አይገዛም።»

«ታዲያ እኔ ምን አተረፍኩ?»

«ሊቀመንበርነት።»

ሙህዲን የማኅበሩን ማኅተም ሮቤ አስቀርጾ፣ ከሚስማር ሳጥኖቹ በላይ ባለው መሳቢያ ቆለፈበት።

ዘጠነኛው ቦታ አዲስ አበባ የሚገኝና ከዋና ከተማው ውጭ ያሉ ትናንሽ ቤተ መጻሕፍትን የሚረዳ ድርጅት ነበር። መመሪያው አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው። ሠርከአዲስ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቅጹ በቀን ስንት አንባቢ እንደሚመጣ ይጠይቃል፤ የሦስት ወር የአንባቢዎች መዝገብም በፎቶ ይላክ ይላል። እሷ በዓይኗ የምታውቀውን «በአማካይ ሰባ» ብላ ሞላች። የየካቲትን፣ የመጋቢትንና የሚያዝያን መዝገብ ገጽ በገጽ በስልኳ አንስታ ላከች።

ግንቦት 12 መልስ መጣ። ማመልከቻው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በመዝገቡ ላይ ያለው አማካይ አሥራ አራት ነው። በአምስት ቀን ውስጥ በቂ ማብራሪያ ካልቀረበ ማመልከቻው ይሰረዛል። የፈረመችው ልደት የምትባል የፕሮግራም ባለሙያ ነበረች።

ሠርከአዲስ መዝገቡን አውጥታ ቆጠረች። አሥራ አራት ነው።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ለአምስት ነው። ተማሪዎች በትምህርት ቤት አንድ ለአምስት በተደራጁበት ጊዜ አምስት ሆነው መጥተው ያጠኑ ነበር፤ በሩ ላይ የሚፈርመው የቡድኑ መሪ ነበር። አደረጃጀቱ በትምህርት ቤቶች እየላላ ሲሄድ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቀረ። ቀድሞ የደረሰው ለጓደኞቹም ይፈርማል። ጡረተኞቹም ለመዱት፤ አንዱ ይፈርምና ሌሎቹ ባርኔጣቸውን እያወለቁ ይገባሉ። እስክሪብቶው አንድ ነበር፤ ሰልፉ በረዘመ ቁጥር በተከፈተው በር ብርድ ይገባል። ሠርከአዲስ ስህተት ነው ብላ አስባ አታውቅም። በእድር መዝገብ ላይ የተጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነው፤ ከኋላው ቤተሰቡ መኖሩን ግን የማያውቅ የለም። አዲስ አበባ ተቀምጦ መዝገቡን የሚያይ ሰው ግን ስም ብቻ ነው የሚያየው።

አቶ ገዛኸኝ ጉዳዩን ሰምቶ አስጠራት። መፍትሔው ተዘጋጅቶ ነበር።

«ሦስት አዲስ መዝገብ እሰጥሻለሁ» አላት። «ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ጥቁር እስክሪብቶ። ተማሪዎቹን ሰብስቢያቸው፤ አንድ ቅዳሜ ይበቃል።»

«ምን ሊጽፉ?»

«ስማቸውን ነዋ።»

«በየካቲት ቀን?»

«ሠርኬ፣ በየካቲት አልመጡም?»

«መጥተዋል።»

«እንግዲያ ውሸቱ የቱ ላይ ነው?»

ኃላፊው ወንበሩን ደገፍ አለ።

«መጥተዋል፤ አልፈረሙም» አለች ሠርከአዲስ። «ሁለቱም እውነት ነው።»

«ለሁለት እውነት ጣሪያ የሚሰጥ የለም።»

«ካልሰጡ ይቅርብኝ። ግን አይተው ይከልክሉኝ እንጂ አታልዬአቸው አይስጡኝ።»

«ጡረታሽ ስድስት ዓመት ነው የቀረው። ለምን ትደክሚያለሽ?»

«ስድስት ዓመት ብዙ ቀን ነው፣ አቶ ገዛኸኝ።»

የማብራሪያ ደብዳቤዋ ላይ የጽሕፈት ቤቱን ማኅተም አላሳርፍም አላት። እንዲህ ያለ መዝገብ ከእኛ መውጣቱ መሥሪያ ቤቱን ያሰድባል አለ። እሷ ተነሥታ እጅ ነሣችና በእግሯ ወደ መናኸሪያው ወረደች።

ሙህዲን ታሪኩን ሲሰማ እሱም መጀመሪያ ከኃላፊው ጋር ወገነ። «ወላሂ፣ እኔ ብሆን አስሞላው ነበር» አለ። «ደግሞም እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ የሞተ ሰው አታስፈርሚም።»

«ሙህዲን፣ አንድ ሰው ባልወሰደው ሲሚንቶ ላይ ቢፈርምልህ ትቀበላለህ?»

«የወሰደው ግን ያልፈረመበት ቢሆንስ?»

«ትናንት ወሰድኩ ብሎ በዛሬ ቀን ይፈርማል። በትናንት ቀን አይፈርምም።»

ሙህዲን መሳቢያውን ከፈተ። «እኔን ሊቀመንበር ያደረግሽኝ ለዚህ ነው እንዴ?» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈ።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል። «የላክንላችሁ መዝገብ ትክክለኛ ነው፤ አይታረምም። ከእያንዳንዱ ስም ጋር ሌሎች ሰዎች ገብተዋል። ይህን ልማድ የፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ከሆነም የእኔ ነው። ካመናችሁን መልካም። ካላመናችሁን በመመሪያችሁ ገጽ አሥራ ሁለት እንደተጻፈው መጥታችሁ ቁጠሩ። ቀኑን አትንገሩን።»

በሦስተኛው ቀን ልደት ደወለች። ድምፅዋ የወጣት ነው።

«ወይዘሮ ሠርከአዲስ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ እስካሁን ገጽ አሥራ ሁለትን የጠቀሰልን ሰው የለም።»

«እናንተ አይደላችሁ የጻፋችሁት?»

«ጽፈነዋል። ግን እንደ እናንተ ላለ አነስተኛ ጥያቄ ሰው መላክ…»

«ለአነስተኛ አይሠራም የሚል አላየሁም።»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

«የለም» አለች ልደት። «ግን ደግሞ በቆጠራው ከሞሉት ቁጥር ግማሽ እንኳ ካልተገኘ፣ ለሦስት ዓመት ማመልከት አትችሉም። ይህን ያውቃሉ?»

«ገጽ አሥራ ሦስት። አንብቤዋለሁ።»

«እና?»

«ኑ።»

ልደት ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ ብላ ዘጋች።

ሠርከአዲስ በማግሥቱ በሩ ላይ ሦስት እስክሪብቶ በክር አሰረችና እያንዳንዱ ሰው የራሱን ስም እንዲጽፍ አዘዘች። ሰልፉ እስከ ደጅ ወጣ። ካፊያ ነበር።

«አዴ፣ ለአምስት ፈርሜ ልግባ፤ ልማዴ ነው» አለ አብዲ የተባለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ።

«እንግዲህ አራቱ ለራሳቸው ይወቁበት። ጻፍ።»

ከጡረተኞቹ አንዱ፣ ጋሽ ፍቅረየሱስ፣ ብዕር ይዘው ትንሽ ቆሙ። «ስሜን ከጻፍኩ አሥር ዓመት ሆኖኛል» አሉ። «ባልንጀራዬ ደምመላሽ ነበር የሚጽፍልኝ።» ከዚያ በትልልቁ ጻፉት፤ ሁለት መስመር ያዘ።

በስድስት የሥራ ቀን የተመዘገበው አማካይ ሃምሳ አራት ሆነ። ሠርከአዲስ ሰባ ብላ ነበር። ቀኑን ሙሉ ወንበሮቹን ሙሉ ስታይ፣ ጠዋት መጥቶ ከምሳ በኋላ የተመለሰውን ሁለቴ ቆጥራዋለች። ስህተቷን ካወቀችበት ሰዓት አንሥቶ አላመነታችም፤ ማመልከቻው ላይ ሰባ የሚለው በሃምሳ አራት ይተካ ብላ ጻፈች። በመመሪያው ከስልሳ በታች አንባቢ ያለው ቤተ መጻሕፍት የሚታየው በሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ተሰጥቶ ከተረፈ ማለት ነው። ይህንንም ታውቃለች።

ሙህዲን ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «አዴ፣ ማን ጠየቀሽ?»

«ቅጹ።»

«ቅጹ አፍ አለው? እሺ፣ በሚመጡ ጊዜ ሲሚንቶ ተሸካሚዎቼን ልስደድልሽ። አሥራ ሁለት ናቸው። ይቀመጣሉ፣ መጽሐፍ ይገልጣሉ፣ ማን ያውቃል?»

«ካነበቡ ይምጡ። ከዛሬ ጀምረው ይምጡ። ለቆጠራ ከሆነ ግን በሩ ላይ እመልሳቸዋለሁ።»

ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ በማግሥቱ መጡ። አንደኛው የመንጃ ፈቃድ ፈተና መጽሐፍ ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓቱን እዚያ ያሳልፋል። ሌላኛው አንድ ጋዜጣ አገላብጦ ሄደ፤ አልተመለሰም።

ሰኔ 3 ኮሚቴው ጉብኝቱን መፍቀዱን ልደት ጻፈች። ከሰኔ 10 እስከ 20 ባለው ጊዜ ይሆናል፤ ቀኑ አይነገርም። አቶ ገዛኸኝ ደብዳቤውን አንብቦ መለሰላት።

«ትምህርት ቤት በስድስት ይዘጋል» አለ። «ተማሪው ገጠር ይገባል። የሚቀሩልሽ ጡረተኞቹና ጥቂት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ሃያ ሰው ብታገኚ ዕድለኛ ነሽ፤ የሃምሳ አራት ግማሽ፣ ሃያ ሰባት ነው የሚያስፈልግሽ። ቀኑ ወደ ግንቦት ይመለስልኝ ማለት አትችዪም።»

«አልልም።»

«የማሸጊያውን ጊዜ ለምን ታባክኛለሽ? ካርቶኑን ነገ እልካለሁ፤ ቀስ እያልሽ ማሸግ ጀምሪ።»

ካርቶኖቹ በማግሥቱ ጠዋት በባጃጅ መጡ። ሠርከአዲስ የኅዳሩን ደብዳቤ ይዛ በር ላይ ቆመች፤ ለተላከው ሰው «ሰኔ 30» የሚለውን በጣቷ አሳየችው፤ ባጃጁ ካርቶኖቹን እንደጫነ ተመለሰ። በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ስድስት አንባቢ ነበር። አንዳቸውም ከመጽሐፋቸው ቀና አላሉም፤ እሷም ምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ማስታወቂያ በእጇ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በክረምትም ክፍት መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ ስለ ቆጠራው አንድም ቃል የለበትም። ሙህዲን ሲያልፍ አነበበው። ቢያንስ «በብዛት ኑ» በይበት አላት። አልጨመረችም።

ትምህርት ቤቶቹ ሰኔ 6 ተዘጉ። ከሰኔ 10 እስከ 20 ባለው ጊዜ በአንዱ ቀን ሁለት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ የሚገባውን ሰው አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ቀኑን ሠርከአዲስ አታውቅም፤ እስከዚያ እንደ ወትሮው ጠዋት በሩን ከፍታ የመጻሕፍቱን ጀርባ በመዳፏ ትዳስሳለች።