በየአሥር ደቂቃው ዓሣ የማዘው እኔ

የልጄ ልጅ ሱረያ ከዐረብ አገር ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆናት። እዚያ ሰው ቤት እየሠራች፣ ዕረፍት ስታገኝ ኮምፒውተር ተማረች። የሐይቅ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበትን ድረ ገጽ የሠራችው እሷ ናት። የደሴ ሆቴሎች ማለዳ ገብተው ያዛሉ፣ አጥማጆቹ ይልካሉ።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ግን ትእዛዝ ሳይደርስ ቀረ። አጥማጁ ባድሩ፣ ያወጣው ዓሣ ገዢ አጥቶ ሲበላሽበት ቤታችን መጣ።

“ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ በስልክ ወደ መደዋወላችን እንመለሳለን” አላት።

ሱረያ አንገቷን ደፋች። ገጹ ከቀረ እሷም ተመልሳ ወደ ዐረብ አገር መሄዷ ነው። እኔ የፈራሁት ይህን ነበር።

ባድሩ ሲሄድ “ጠባቂ ፕሮግራም አለኝ እኮ፣ እማ” አለችኝ። “በየአሥር ደቂቃው ገጹ መከፈቱን ያያል። ያን ቀንም ተከፍቷል ብሎኛል።”

“ተከፍቶስ? ገብቶ አዘዘ?”

“አይ፣ ማየት ብቻ ነው።”

ጎረቤታችንን ዙለይሃን አነሣሁላት። ጧት ጧት በአጥሩ ተጣርቼ ድምጿን ሳልሰማ ሥራ አልጀምርም። አንድ ቀን በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ብጣራ ግን መልስ የለም። ብገባ ጓዳ ወድቃ አገኘኋት።

“በሩን አይቼ ባልፍ ኖሮ?” አልኳት።

ሱረያ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ከዚያ ወዲያ ጠባቂው እንደ ሰው ገብቶ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ያዛል፣ መልስ ሲያገኝ ይሰርዛል። ለአዛዡ ስም ሲያስፈልጋት የእኔን ሰጠችው። በስተርጅና በተማርኩት ፊደል “ስህን” የሚለውን ራሴ አነበብኩት።

ትእዛዙ ባድሩ ስልክ ላይም ይታያል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ “አንቱ፣ ዓሣው መረረዎት እንዴ? ያዛሉ፣ ይሰርዛሉ” እያለ ይቀልድብኝ ጀመር።

ሐሙስ ዕለት ሱብሂ ሰግደን ሳንነሣ የሱረያ ስልክ ጮኸ፤ ጠባቂው ነው። ገጹ ተከፍቷል፣ ትእዛዝ ግን አይቀበልም። ሆቴሎቹ ሳይገቡ ለመድረስ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፋች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጣቶቿን አያለሁ። ገና “አልሐምዱሊላህ” ብላ ቀና ስትል ባድሩ ከደጅ ተጣራ።

“እማማ ስህን፣ ትእዛዝዎ ቀረብኝ። አሞዎት ይሆን ብዬ ነው።”

“እኔስ ደህና ነኝ። የታመመው ገጹ ነበር።”

ስልኩን አውጥቶ አየ። የደሴዎቹ ትእዛዝ እየተከታተለ ይገባል፣ መካከል ላይ የእኔ አንድ ቆሮሶ አለች።

“ይኸው፣ አዘዙ” አለና ወደ ታንኳው ወረደ። ወደ ስልክ መደዋወል ስለመመለስ አላነሣም።