የአባቴ እጅ እስኪወርድ

አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ በሩ ሲከፈት «ፍስስ» ብሎ የሚወጣው አየር፣ ይኸው ስንት ዓመት አዲስ አበባ ኖሬም፣ ወደ ነቀምቴ ይመልሰኛል። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያናችን የነበረው በእግር የሚረገጥ ኦርጋን መዝሙር ሲያልቅ ልክ እንዲህ ነበር የሚተነፍሰው። የምጫወተው እኔ ጃለኔ ነበርኩ፤ ከእኔ በቀር የሚችል ስላልነበረ፣ ጉንፋን አንዘፍዝፎኝ እንኳ ራሴን በሻርፕ ጠምጥሜ እሄድ ነበር።

ያስተማሩኝ ጀርመናዊት መምህር ነበሩ፤ ከዜማው ይልቅ ስለ ቃላት ማውራት የሚወዱ ሴትዮ። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ኦርጋኑ አይሰማምና፣ ልምምዱን ትተን ወሬ እንይዝ ነበር። አንድ ቀን ከመዝሙሩ የመጨረሻ ኖታ በላይ ያለችውን፣ ነጥብ በሆዷ የያዘች ግማሽ ክብ አሳይተውኝ፣ ፌርማታ ትባላለች አሉኝ። እኔ ደግሞ ምን ተዳዬ፣ ፌርማታማ አውቶቡስ የሚቆምበት ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያብሱ ድረስ ሳቁና፣ ልክ ነሽ፣ ሁለቱም ከጣሊያን የመጣ አንድ ቃል ነው፣ መቆም ማለት ነው አሉኝ። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ግን ዜማ ላይ ሲሆን ዘውድ ይሏታል፣ ፈረንሳዮች የኦርጋን ነጥብ፣ ስፔናውያን ደግሞ ድስት፤ የቃሉ ሥር ላቲን ሲሆን ትርጉሙ ማጽናት ነው እያሉ ነገሩኝ። ለምን ያህል ጊዜ ትያዛለች ብዬ ስጠይቃቸው፣ ቁጥር የላትም፣ መሪው እጁን እስኪያወርድ ነው አሉኝ።

መሪው ደግሞ አባቴ ነበሩ። እኛ ቤት አባት አቦ፣ እናት አዮ ነው የሚባሉት። አቦ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነበሩ፤ ደንቡንም ያወጡት እሳቸው ነበሩ፤ ኦርጋኑ ሳያቆም ማንም አፉን አይዘጋም፣ ማንም አይቀመጥም፤ ኦርጋኑም የአቦ እጅ ሳይወርድ አያቆምም። የመምህርቷን ወሬ ሳወራላቸው ከዚያ ሁሉ ትርጉም «ማጽናት» የሚለውን መርጠው ያዙ፤ ወዮልኝ፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ክረምቱ ሳይወጣ መምህርቷ አዲስ አበባ ነርስነት የምማርበት ቦታ አገኙልኝ፤ መስከረም ሲጠባ መግባት ነበረብኝ። አቦ ግን «ቱሪ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ቆይ ማለት ነው። ኦርጋኑን የሚረግጥ ሰው እስኪገኝ ቱሪ፣ ጽኚ። ጽጌው ረገፈ፣ ቡናው ተለቅሞ ተሰጣ፣ የሚፈለግ ሰው ግን አልነበረም፤ እኔ እያለሁ ማን ይፈልጋል! በበጋው ሁለት ጓደኞቼ ተዳሩ። በበልግ ደግሞ ለእኔም በአዲስ አበባ መንገድ ካለችው ከተማ ከሲሬ ሽማግሌ ሊላክ ነው የሚል ወሬ መጣ፣ ያን ጊዜ ቤቱ፣ መንገዱ፣ ኦርጋኑ ሁሉ ተባብሮ ያነቀኝ መሰለኝ። አዮ አማርኛ እምብዛም ስለማትችል መዝሙሩን በቃሏ አጥንታ ትዘምር ነበር እንጂ፣ በአቦ ነገር ገብታ አታውቅም።

ሁለተኛው መስከረም ሲመጣ፣ በዚያ ሳምንት ካልገባሁ ቦታዬ ለሌላ እንደሚሰጥ መልእክት ደረሰ። አቦ ሰምተው «ቱሪ» አሉና እሑድ እንደ ወትሮው ፊት ፊት እየመሩን ቤተ ክርስቲያን ገባን። የመጨረሻው መዝሙር ላይ ደርሰን፣ አቦ እጃቸውን አንስተው ያዙን፣ ከዚያም አወረዱ። እግሬ እንቢ አለ። አስቤበት ቢሆን በፈራሁ፤ ዝም ብሎ መርገጡን ቀጠለ። ምእመኑ ደንቡን ያውቃልና ድምፁን ይዞ ቆመ። አቦ ግራ ገብቷቸው፣ እሳቸው ያዘዙት እንዲመስል እጃቸውን መልሰው አነሱ። መጀመሪያ ልጆቹን ትንፋሽ አጠራቸው፣ ቀጥሎ አሮጊቶቹን፣ ወንዶቹም እየሳሉ ተራ በተራ ዝም አሉ። የአቦ እጅ ግን አየር ላይ እንደተነሳ ነበር። ከሴቶቹ ረድፍ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ትንፋሽ እየወሰደ የሚመለስ፣ የማይወድቅ። ዘወር ብዬ ሳይ አዮ ነበረች።

አቦም አዩዋት። በሰው ፊት ተናግራ የማታውቀው እናቴ መዝሙሩን አቁማ፣ በራሷ ቋንቋ፣ ቀስ ብላ ተናገረች፤

«የጃለኔ አባት፣ ልጅቱን ይልቀቋት።»

እጃቸው ወረደ። እኔም እግሬን አነሳሁ፣ ኦርጋኑም ተነፈሰ።

በማግስቱ ጠዋት ፌርማታው ላይ አዮ «ነጋን ዴሚ» አለችኝ፣ በሰላም ሂጂ ማለቷ ነው። ሞተሩ ተነስቶ አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል፣ አቦ ጎኑን በመዳፋቸው እየደበደቡ ሾፌሩን «ቱሪ» አሉት። ሊያስወርዱኝ ነው ብዬ የወንበሩን ብረት ጨብጬ ያዝኩ። እሳቸው ግን የለበሱትን ጋቢ አውልቀው በመስኮት አቀበሉኝና፣ እዚያ ብርድ አለ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሲሬን እስክናልፍ ድረስ አለቀስኩ።

በቀጣዩ ክረምት ለእረፍት ስመለስ ኦርጋኑ ጨርቅ ለብሶ ቆሞ አገኘሁት። አቦ ግን አሁንም በመዝሙሩ መጨረሻ እጃቸውን ያነሱ ነበር፣ አዮም በኦርጋኑ ፋንታ ብቻዋን ድምፁን ይዛ፣ እጃቸው እስኪወርድ ድረስ ትቆይ ነበር። አይደክምሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ያንቺን ነው የያዝኩት» አለችኝ።

ዛሬ አቦም አዮም የሉም። አሁን የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ አለ፤ ማንም ሳይረግጠው፣ ማንንም ትንፋሽ ሳያጥረው እንደ ልብ ይጮኻል፣ የሚጫወቱት ልጆችም ሲያሻቸው ተነስተው ይሄዳሉ፣ ደግ አደረጉ፣ ማንም አይዛቸውም። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ በተነፈሰ ቁጥር፣ ሰው ለመውረድ እየተጋፋ፣ እግሬ ወለሉን እንደ ኦርጋኑ መርገጫ እንደረገጠ ይቀራል፤ ትኬት ቆራጩ «እማማ፣ ይውረዱ እንጂ» እስኪለኝ ድረስ።