አበጀ መጣ?

አታምኑኝ ይሆናል። በጣሊያን ጊዜ መተማ ላይ ዝንብ ለሚሰበስብ ሐኪም ልብስ አጥብ ነበር። አንድ ቀን በመርፌ የተሰካች ዝንብ አሳየኝና ስሟን በአስተርጓሚው አስጠየቀኝ።

“ዝንብ ናት እንጂ፣ ሌላ ምን ስም አላት?” አልሁ።

አስተርጓሚው ሐኪሙን ሰማና፣ “የቤት ዝንብ ዘመድ ናት፤ ግን ቤት አትገባም። ዱር ቤቴ ያለች ናት” አለኝ።

ባሌ አበጀም ዱር ቤቴ ብሎ አርማጭሆ ከወረደ ክረምት አልፎበታል። ሳላስበው “ወይ አበጀ!” አልሁና እንባዬ መጣ። ሐኪሙ ምን እንዳልሁ ሲጠይቅ ክው አልሁ፤ የአርበኛ ሚስት መሆን ያሳስር ነበር። አስተርጓሚው ፈጠን ብሎ፣ “የዝንቧን ስም ነው የነገረችህ” አለው።

ሐኪሙ ደስ ብሎት “አበጀ” ብሎ ጻፈባት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ እንድይዝለት እየፈለገ፣ ጠዋት ጠዋት ደጄ ቆሞ በተሰባበረ አማርኛ፣ “አበጀ መጣ?” ይለኛል።

“አልመጣም ጌታዬ፤ እኔም እየጠበቅሁት ነው።”