«እሷ ምግብ አትነካም»

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ በምሠራበት የአሌክሳንድሪያ ሆቴል ቁርስ ቤት ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። የሆነ ቦታ ሰው ተገደለ፣ የሆነ ቦታ ቦምብ ፈነዳ በተባለ ቁጥር እጄ ሥራውን ይሠራል፣ ጆሮዬ ግን የገዳዩን ስም ይጠብቃል። «ያ ረቢ፣ የእኛ ስም ብቻ አይሁን» እላለሁ። ለሞቱት ማዘን ሲገባኝ መጀመሪያ የምጨነቀው ለስም ነው። በዚህ አፍራለሁ፤ ከማፈሬ በላይ ግን ደክሞኛል።

ያን ዕለት ስሙ የእኛ ሆነ።

እዚያው እንቁላል የምትጠብሰው የአገሬ ልጅ ክርስቲያን ናት። ሁለታችንም የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በእሷ መኪና አብረን ተመላልሰናል። ለፋሲካ ስትጠራኝ ከሃላል ሱቅ ሥጋ ለብቻ ገዝታ፣ ለእኔ ብላ ባስቀመጠችው ድስት ሠርታ ነው። ዙህር ስሰግድ የዕቃ ቤቱን በር የምትጠብቅልኝም እሷ ናት። ምላሷ ግን አያርፍም፤ «እዚያው ከደረስሽ አይቀር ለእኔም አንድ ሁለት ቃል ጣል አድርጊልኝ እንጂ» ትለኛለች።

የዚያን ቀን ፀጉሯን ሳትሠራ ስለመጣች ሻሽ አስራለች። እኔ እንደ ወትሮዬ ሒጃቤን ለብሻለሁ። አንድ ሽማግሌ እንግዳ ሳህኑን ይዞ መጣ። ቴሌቪዥኑን አየ፣ ሻሿን አየ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። እኔን የሚያደክሙኝ እንዲህ ያሉት ጨዋዎች ናቸው፤ ተሳዳቢውንማ በሆዴ ሰድቤው እገላገላለሁ።

«ይቅርታ፣ ሌላ የሚሠራ ሰው የለም? ከሙስሊም እጅ ባልበላ ደስ ይለኛል» አላት።

«ኖ፣ ኖ፣ ሰር! አይ አም ክርስቲያን!» ብላ ከአንገቷ ሥር መስቀሏን መዝዛ አሳየችው።

ሰውየው ፊቱ ቀላ። ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷን ማለቴ ነው። ከዚያ ጠረጴዛ ወደምወለውለው ወደ እኔ በአገጩ እያመለከተ፣ «እሷስ?» አላት።

«እሷ ምግብ አትነካም» አለችው።

ያን እንቁላል ጎሕ ሳይቀድ ሰብሬ የመታሁት እኔ ነኝ። ሐብሐቡንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ሁለቱንም ወስዶ ጥርግ አድርጎ በላ፤ ሳህኑን ያነሳሁትም እኔው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን እያወራን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ያን ቀን ሳቁ አልመጣልኝም፤ ከፍቶኝ ዋልኩ። በሰውየው አይደለም፣ እሱን መሰሉን ለምጄዋለሁ። በእሷ ነው።

ከሰዓት በኋላ በመኪናዋ ስንመለስ የወንዙን ድልድይ ተሻገርን። ዛሬ ከዚህ መኪና ከወረድኩ ሁለተኛ አልገባበትም፣ አውቶቡስና ባቡር እየቀያየርኩ እመላለሳለሁ እያልኩ በሆዴ እምላለሁ።

«ለአንቺው ብዬ እኮ ነው» አለች። «ማናጀሩ ጋ ሄዶ ኮምፕሌይን ቢያደርግብሽስ? ሰዓትሽን ቢቀንሱብሽስ? አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«ጓደኛዬ ናት ብትዪውስ?»

ልትሸነግለኝ ትችል ነበር፤ ነገር ማለሳለስ ታውቅበታለች።

«እንደዚያ ካልኩትማ ከእኔም እጅ አይበላም» አለች።

እውነቷን ነው። ለመቆጣት እንኳ ጉልበት አጣሁና ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደገፍኩ። ጥቂት ቆይታ እሷ ማልቀስ ጀመረች። «በቃ ተይው፣ ነገ ብቻ እንዳትዘገዪ» እያልኩ ያባበልኳት እኔው ነኝ።