ዱቄት ውስጥ የተቀበረ ብርቱካን

ባለፈው እሑድ ጠዋት ገንፎ ላገነፋ የበቆሎ ዱቄቱን ጣሳ ከፍቼ እጄን ስሰድ ጣቴ አንድ ድቡልቡል ነገር ነካ። አውጥቼ ዱቄቱን ሳራግፍለት ብርቱካን ነው፤ ልጣጩ እንደ ጎመን አረንጓዴ የሆነ የናይሮቢ ብርቱካን። ከስሩ ሌላ አለ፣ ከዚያ ስር ደግሞ ሌላ። በጥፍሬ ጫር ባደርገው ያ ስለታም፣ ዓይን የሚያስጨፍን ሽታ ከዱቄቱ ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ሞላው፤ እኔም ጣሳውን እንዳቀፍኩ እዚያው ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ።

ማን እንደቀበረው መጠየቅ አላስፈለገኝም። በቤቱ ያለነው እኔና እናቴ ነን፤ እኔ ደግሞ ገና አልጃጀሁም።

ይህን ሽታ፣ የልጣጭና የዱቄት ድብልቁን፣ ያወቅሁት ወደዚህ አገር በገባን በመጀመሪያው ዓመት ነው። ያረፍንባት የናይሮቢ ሰፈር ኢስትሊ ያኔ እንዲህ ፎቅ በፎቅ ላይ አልተደረበባትም ነበር። የተከራየናት አንዲት ክፍል ዙሪያውን በቆርቆሮ ቤቶች የታጠረ፣ መሀሉ ላይ አንድ ቧንቧ ብቻ ያለው ግቢ ውስጥ ነበረች፤ ቧንቧው ውኃ ሲመጣለት ሰው ይጣላበታል፣ ሲሄድበት ደግሞ ዶሮ ይሰፍርበታል። የነበርነው እናቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ትርንጎ ነን። አባታችን ድንበር ሳንደርስ ቀርቷል፤ ስለ እሱ አልጽፍም። ከግድግዳው ወዲያ አደይ ለተ የሚሏት አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የኖረች፣ አማርኛዋ ከኛ ከወሎዎቹ የተሳለ፣ ምላሷ ደግሞ ከአማርኛዋም የተሳለ አሮጊት ነበረች። ከግቢው በር ላይ ማማ ንጄሪ የምትባል ሰፊ ሴትዮ ጆንያ አንጥፋ ጎመን፣ ቲማቲምና ፍራፍሬ ትሸጣለች። እናቴ ስዋሂሊ አታውቅም፤ ማማ ንጄሪም አማርኛ አታውቅም። በመካከል ያለችው አደይ ለተ ናት፤ እሷም ስትተረጉም ከራሷ ሳትጨምር አትቀርም።

ሐምሌ ሲደርስ ብርዱ ገባ። የናይሮቢ ሐምሌ ዝናብ የሌለው ክረምት ነው፤ ሰማዩ እንዳደፈ ጥጥ ሆኖ ጣራው ላይ ይተኛል፣ ፀሐይ ሳትታይ ይመሻል፣ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም። እናቴ «ዝናብ ከሌለው ምን ክረምት ይሉታል፣ ዝም ብሎ ክፋት ነው እንጂ» እያለች ጋቢዋን ለትርንጎ ትደርብላት ነበር። ትርንጎን ሳል ያዛት። ደረቷ እንደ አሮጌ ወናፍ ይጮህ ጀመር፤ ይባስ ብሎ ምግብ ዘጋች። ክሊኒክ ወስደናት ሽሮፕ ተሰጣት፤ ነርሷም «ፍራፍሬ ስጧት፣ ሎሚም ብርቱካንም፣ ዋናው ግን ትብላ» አለች፤ አደይ ለተ ናት የተረጎመችው።

ይህን ለእናቴ መንገር ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው። በኛ ቤት ብርቱካን ማለት የበሽተኛ ምግብ ነበር። ጤነኛ ሰው ብርቱካን ሲበላ አይቼ አላውቅም። ሰው ሲታመም ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ብርቱካን ቋጥሮ ይመጣል፤ ብርቱካኑም ቢጫው እያበራ ከራስጌ ይደረደራል፣ እኛ ልጆች ደግሞ ከግርጌ ተደርድረን በሽተኛው እንዲጠግብ እንጸልያለን። እኔ እንደ ድንጋይ ጤነኛ ነበርኩ፤ በዚህም ፈጣሪን ብዙ ጊዜ ተቀይሜዋለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ማማ ንጄሪ ልጅቱ ከደጅ መጥፋቷን አይታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። «ፖሌ፣ ፖሌ» አለች፤ በነሱ ቋንቋ አይዟችሁ እንደ ማለት ነው። ራሷን ነቅንቃ፣ የትርንጎን ግንባር ዳብሳ ሄደች። እናቴ ጋዜጣውን ፈታችው። ብርቱካን ነው፤ ሁሉም አረንጓዴ።

እናቴ አንዱን በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። «እንጭጭ!» አለች። «ለታመመ ልጅ እንጭጭ?» በእናቴ አተረጓጎም ለበሽተኛ ያልበሰለ ፍሬ መስጠት ልጅሽ ሳትበስል ትቅር ብሎ መራገም ነው። እሷ ባደገችበት የወሎ ጓሮ ብርቱካን ሲደርስ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት የሚቀጥፈው ሌባ ብቻ ነው። ስደተኛ ብንሆን፣ ደሀ ብንሆን፣ ለልጃችን የሚገባት ጥሬ ነው? ያን ቀን አልቅሳለች፤ ስትናቅ እንጂ ስትራብ አልቅሳ አታውቅም።

ይሁንና ለመጣል አንጀቷ አልቻለም። እናቷ ሙዝ ጤፍ ውስጥ ቀብራ ስታበስል ያየችውን አስታውሳ፣ ጤፍ ከየት ይምጣ፣ የበቆሎ ዱቄቱ ጆንያ ውስጥ አንድ በአንድ ቀበረቻቸው። በየማለዳው እጇን እስከ ክርኗ ሰድዳ አውጥታ ታያቸዋለች፣ ታሻቸዋለች፣ መልሳ ትቀብራቸዋለች። ትርንጎ ከፍራሿ ላይ ሆና ቀጭን ድምጿን ትሰድዳለች፦

«እማ፣ በሰለልኝ?»

«ነገ ይበስላል፣ የኔ እመቤት። ነገ።»

ብርቱካን ከዛፉ ከወረደ በኋላ እንደማይበስል የነገራት የለም። ነገ ሲመጣ ያው አረንጓዴ ነው፣ ትንሽ ጨምደድ ብሎ። ዱቄቱ ግን ሽታውን ጠጣ፤ የምንበላው ገንፎ ሁሉ ብርቱካን ብርቱካን ይል ጀመር። ትርንጎ ግን ገንፎውንም አልበላ አለች፤ እጆቿ እየቀጠኑ መጡ፤ እናቴም ጎመን የምትገዛው ሩቅ ሄዳ ሆነ። በማማ ንጄሪ በኩል ስታልፍ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ሰማይ ሰማይ ታያለች፤ ሴትዮዋ «ማማ ትርንጎ! ሀባሪ?» ብላ ደህንነቷን እየጠየቀች ስትጣራ ሰማዩ መልስ ይስጣት እንጂ እናቴስ አትሰጣትም።

ማማ ንጄሪ እንደዚህ ያለ ኩርፊያ የምትሸከም ሴት አልነበረችም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሽርጧን እንዳሸረጠች መጥታ በራችንን ሞላችው። «ምን አደረግሁሽ?» ማለቷ ነበር፤ ይህ እንኳ ያለ አስተርጓሚ ይገባል። እናቴ ወደ ጆንያው ሄደች፣ ብርቱካኖቹን ከነዱቄታቸው አውጥታ በሁለት እጇ ለሴትዮዋ ዘረጋችላት። «እንቺ፣ እንጭጭሽን ውሰጂ። ልጄ ገና አልሞተችም።»

አደይ ለተ ጩኸት ሰምታ መጥታ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትተረጉም ቀረች።

ማማ ንጄሪ ነጭ ዱቄት የለበሱትን ብርቱካኖች አየች፣ እናቴን አየች፣ ፍራሹ ላይ ያለችውን ልጅ አየች። ከዚያ ከሽርጧ ኪስ የጎመን መክተፊያ ቢላዋዋን አውጥታ አንዱን ለሁለት ከፈለችው።

ውስጡ ወርቅ ነበር። ጨምደድ ብሎም እንኳ ጭማቂው በክንዷ ላይ ወረደ፤ ሽታው ክፍሏን፣ ግቢውን፣ እኔንም ሞላ። አደይ ለተ ጉንጯን ይዛ «ኧረ አንቺ ሴትዮ! የዚህ አገር ብርቱካን እስኪሞት አረንጓዴ ነው! ልጅቱን አስተኝተሽ ዱቄቱን ብርቱካን ታበያለሽ?» ብላ ተንከተከተች። ከዚያ ለማማ ንጄሪ ነገሩን ተረጎመችላት፤ እሷም እስክታነባ ሳቀች፤ ስትጨርስ ተንበርክካ አንዷን ቁራጭ በትርንጎ አፍ ውስጥ አደረገች።

ትርንጎ መጠጠች። አገጯ ራሰ። ቁራጩን ከአፏ አውጥታ አገላብጣ አየችውና «ለካ ቢጫው ውስጥ ነበር!» አለች።

የመጨረሻውን እስክትጨርስ ማማ ንጄሪ እየከፈለች አጎረሰቻት። ከዚያ በራሷ አፍ ገንፎ ጠየቀች። እናቴ ልጣጩን ከመሬት ለቅማ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ አኘከችው። የእናቴ ሕግ ይህ ነበር፤ ልጅ ሳይበላ አትቀምስም፣ ልጅ ከበላ በኋላም የምትቀምሰው ልጣጩን ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጥታ የማማ ንጄሪን ደጅ ጠርጋ፣ ጆንያዋን አራግፋ አንጥፋ ጠበቀቻት። ይቅርታ የሚለውን ቃል በነሱ ቋንቋ አታውቀውም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች ከሰዓት በኋላ እዚያ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን እየላጡ፣ አንዷ በአማርኛ አንዷ በአፍ መፍቻዋ በኪኩዩ፣ ስለ ባሎቻቸው ክፋት ሲጨዋወቱ አይቻለሁ፤ ይግባቡም ነበር።

ብርቱካኑ አዳናት ብዬ አልዋሽም። ሽሮፑም ነበረ፣ ብርዱም አለፈ። ጢሜ ከወጣ፣ ልጆችም ከወለድኩ በኋላ ማታ ማታ ፊደል ስቆጥር፣ በጣቴ እየተከተልኩ ያነበብኩት አንድ የጤና መጽሐፍ ቪታሚን ሲ ሰውነት በሽታን እንዲቋቋም ያግዛል እንጂ ሳልን ነቅሎ አይጥልም ይላል። አምኜዋለሁ። ሰው አፉን ከዘጋ በኋላ እንዴት እንደሚከፈት ግን መጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ያን ዕለት ትርንጎ ከኪሌሌሽዋ፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ መኪናዋን እየነዳች መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሕፃናትን አመጋገብ የሚመለከት ትልቅ ሥራ አላት። እናቴ ብርዱ ከገባ ወዲህ ያስላታል፣ ምግብም ዘግታለች። «ኢሚዩኒቲዋ ወርዷል» ብላ እህቴ ከቦርሳዋ ቱቦ አወጣችና አንዷን ክኒን ውኃ ውስጥ ጣለቻት። ብርጭቆው ተንጫጫ፣ ቀላ፣ ብርቱካን አይቶ የማያውቅ ሰው የሠራው ሽታ ሸተተ። ቱቦውን አንስቼ አነበብኩት፤ «የብርቱካን ጣዕም» ይላል እንጂ ብርቱካን አይልም፣ አልኳት።

«አያሌ፣ ዛሬ እንኳ አትጨቅጭቀኝ» አለችኝ ስሜን ጠርታ።

እናቴ ብርጭቆውን ገፋችው። «ለትንሿ አስቀምጡላት» አለች። የጠዋቱን ገንፎም «ለትንሿ» ብላ ነበር የመለሰችው። ያኔ ገባኝ፤ እናቴ ወደዚያች ክፍል ተመልሳለች፣ ፍራሹ ላይ የተኛችው ልጅ እስክትበላ ልትቀምስ አትችልም፤ ልጅቱ ደግሞ እፊቷ ተቀምጣ ሳለች አታውቃትም።

ከጣሳው ያወጣሁትን ብርቱካን አምጥቼ እናቴ ፊት ለሁለት ከፈልኩት። «እንጭጭ ነው!» ብላ ጮኸች። ትርንጎ የኔን እጅ አየች፣ ልጣጩ ላይ የቀረውን ዱቄት አየች፤ ያ ሁሉ ትምህርቷና ስብሰባዋ ከፊቷ ላይ ረገፈ። ከወንበሯ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና አፏን ከፈተች። አጎረስኳት። መጠጠች፣ አገጯ ራሰ፤ «ለካ ቢጫው ውስጥ ነበር» አለች።

እናቴ ለብዙ ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ በሹክሹክታ፦

«በላች?»

«በላች፣ እማ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እጇን ዘረጋች። ሌላውን ግማሽ ሰጠኋት፤ ልጣጩን ፈልጋ ይሆናል፣ ሥጋው ግን አብሮ ነበርና በላችው። ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና በላችው። ስትጨርስ አፏን በነጠላዋ ጠርጋ፣ እህቴን በትሕትና «እመቤቴ፣ እርስዎ ደግሞ የማን ልጅ ነዎት?» አለቻት። ትርንጎም ስሟን ነገረቻት። «ደስ የሚል ስም ነው፣ የኔም ልጅ ትርንጎ ናት» አለች እናቴ።

ማማ ንጄሪ ሞታለች። አደይ ለተ አገሯ ገብታ እዚያው አረፈች። ግቢው ፈርሶ የጨርቅ ሱቅ በሱቅ ሆኗል፤ ቧንቧው የነበረበትን ቦታ ባሳያችሁ አታምኑኝም። በዚህ ዓለም ላይ ያችን ክፍል የሚያውቃት ሦስት ሰው ቀርቷል፤ አንዷም ከውስጧ አልወጣ ብላለች።

እህቴ ስትሄድ ቱቦዋን ጠረጴዛው ላይ ረስታ ሄደች፤ ወይም ትታው። እኔ ወደ ማድቤት ገብቼ ከቀሩት ብርቱካኖች አንዱን መልሼ ዱቄቱ ውስጥ ቀበርኩት። ነገ ጠዋት እናቴ እጇን ስትሰድ ባዶ እንዳይሆንባት።